ዕድሜ የሚሸጥበት ሻይና የነጋዴው አማና

 

በረመዷን ማታ በቴምርና በውኃ አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ከተነሣ በኋላ በየቤታችን የሚቀርበው ሻይ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት፣ ስኳሩ ጠንከር ያለ፣ ሁላችንም የምናውቀው ሻይ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ወደ ቻይናዋ ጓንጁ ለንግድ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ሌላ ዓይነት ሻይ በስጦታ ይዘው ሲመጡ እናያለን። እንደ ቂጣ ክብ ሆኖ የተጠፈጠፈ፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ፣ የጠጠረ ጥቁር ሻይ ነው። ስሙ ፑኧር ይባላል።

ሻጮቹ ይህ ሻይ ሲቆይ የሚሻል፣ ሲያረጅ ዋጋው የሚወጣ ነው ብለው ስለሚነግሯቸው፣ ከነጋዴዎቻችን አንዳንዶቹ በብዛት ገዝተው ለማስቀመጥ ያስባሉ። ከዚያም ሦስት ጥያቄ ይዘው ወደ መስጊድ ይመጣሉ። ሻዩ የተብላላ ስለሆነ ሐላል ነው ወይ? ዋጋው እስኪወደድ ማስቀመጡስ በሸሪዓ የተከለከለው ኢሕቲካር፣ ማለትም ገበያ ደብቆ ማስወደድ አይሆንም ወይ? ለዓመታት ሲቀመጥስ ዘካው እንዴት ይወጣል?

በመድረሳ ከምንማራቸው ደንቦች አንዱ፣ በአንድ ነገር ላይ ፍርድ የሚሰጠው ነገሩ ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው የሚል ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ሻዩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚያረጅ ላስረዳ። ያ ሲታወቅ ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ሥር እንዳላቸው ይታያል። ሥሩ፣ ዓይን የማያየውን ነገር የሚሸጥ ሰው የተሸከመው አማና ነው።

የዩናን ተራሮች ቅጠል

ስለ ቻይና ሻይ በዐረብኛ የተጻፈው ወሬ የቆየ ነው። በሒጅራ 237፣ እ.ኤ.አ. በ851 የተጻፈው «አኽባሩ ሲን ወል ሂንድ» የተባለው መዝገብ የዐረብ ነጋዴዎች በምሥራቅ ያዩትን ይተርካል። የቻይና ንጉሥ ገቢ ከሚያገኝባቸው ነገሮች መካከል ጨውና በፈላ ውኃ የሚጠጣ አንድ ቅጠል እንደሚገኙበት፣ ቅጠሉም መረር እንደሚልና በየከተማው በብዙ ገንዘብ እንደሚሸጥ ጽፏል። የዛሬ 1200 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ፑኧር የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ከበርማ፣ ከላኦስና ከቬትናም ጋር በሚዋሰነው በዩናን ክፍለ ሀገር ነው። ዛፉ ከምናውቀው ሻይ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ዓይነቱ ግን ቅጠለ ሰፊ ሲሆን ካልተገረዘ ሰው ወጥቶ የሚለቅመው ትልቅ ዛፍ ይሆናል። በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው የሻይ ዛፎች በጫካ ጥላ ሥር ይገኛሉ። የብላንግና የዳይ ሕዝቦች ለብዙ ትውልድ ሲንከባከቡት የኖሩት የጂንግማይ ተራራ የሻይ ደን እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ ትንሽ ይጠወልጋል። ከዚያም በጋለ ብረት ምጣድ እየተገላበጠ ይታመሳል፤ በእጅ ወይም በመሣሪያ ይታሽና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የፀሐዩ ነገር ቁም ነገር አለው። በኃይለኛ እሳት የደረቀ ቅጠል እንደዚህ አያረጅም፤ ቀስ ብሎ በፀሐይ የደረቀው ግን በውስጡ ለዓመታት ለውጥ የሚያካሂድ ነገር ይቀርለታል። የደረቀው ቅጠል ተመዝኖ በእንፋሎት ይለሰልሳል፤ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይገባና በድንጋይ ተጭኖ ይጠፈጠፋል። የተለመደው ቂጣ 357 ግራም ይመዝናል። ሰባት ሰባት እየሆነ በቀርከሃ ቅርፊት ሲጠቀለል አንዱ ጥቅል ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል።

መጠፍጠፉ ለጌጥ የመጣ አይደለም። ሻዩ በበቅሎ ጀርባ ወራት የሚወስድ መንገድ ይሄድ ነበርና ቦታ እንዳይዝ፣ እንዳይፈረፈር፣ ለጭነትም ለቆጠራም እንዲመች ነው። በሀገራችን አሞሌ ጨው ከአፋር ተነሥቶ በየገበያው እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበረ ሁሉ፣ በቲቤትና በሞንጎሊያም የሻይ ጡብ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና መንግሥት ሻይ ሰጥቶ ከቲቤቶች ፈረስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት እስከ ማቋቋም ደርሷል።

ሲራራ ነጋዴዎቹና የሐጅ መንገድ

በዚህ መንገድ ላይ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ሙስሊሞችም ነበሩ። የቡኻራው ሰይድ አጀል ሸምሱ ዲን ዑመር እ.ኤ.አ. በ1274 በኩብላይ ኻን ተሹመው ዩናንን አስተዳድረዋል፤ በ1279 እስኪሞቱም ድረስ የመስኖ ሥራና መስጊዶች እንዳሠሩ ታሪክ ያወሳቸዋል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዩናን የሰፈሩት ሙስሊሞች ሁዪ ይባላሉ። መርከቦቹን እየመራ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የደረሰው የባሕር አዛዥ ዠንግ ሄ በ1371 የተወለደው ከእነዚሁ የዩናን ሙስሊሞች ነው።

ሁዪዎች በቅሎ እየጫኑ በሲራራ ንግድ የታወቁ ሆኑ። ቅፍለታቸው ወደ ቲቤት፣ ወደ በርማና ወደ ሲያም ይዘልቅ ነበር፤ ከጭነታቸው አንዱ ሻይ ነው። በላሳ ከተማ ዛሬም መስጊድ ያላቸው ቻይናውያን ሙስሊሞች አሉ። በሰሜን ታይላንድ በቺያንግ ማይም ከዩናን በሄዱ ነጋዴዎች የተመሠረተ መስጊድ ይገኛል። የዩናኑ ታላቅ ዓሊም ማ ፉቹ እ.ኤ.አ. በ1841 ለሐጅ ሲነሡ የሄዱት በበርማ በኩል፣ ነጋዴዎች በሚያውቁት በዚሁ የደቡብ መንገድ ነበር። መካን ጎብኝተው፣ በካይሮና በኢስታንቡል ከነበሩ ዑለማ ጋር ተገናኝተው በ1848 ሀገራቸው ተመለሱ። ቁርኣንን ወደ ቻይንኛ መተርጎም ከጀመሩት ቀዳሚዎች መካከልም ይቆጠራሉ።

የተጠፈጠፈ ጥቁር ሻይ ከዩናን ሌላም አለ። በሁናን ክፍለ ሀገር ከአንሁዋ የሚወጣው ቅጠል በጡብ መልክ እየተሠራ ለብዙ ዘመን ወደ ሰሜን ምዕራብ ቻይና ተጉዟል። ፉ የሚባለው ጡብ ሲሰበር በውስጡ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ቻይናውያን «ወርቃማ አበባ» ይሉታል፤ ሆን ተብሎ እንዲያድግ የሚደረግ ጥሩ የሻጋታ ዓይነት ነው። ይህን ሻይ የሺንጂያንግ ኡይጉሮችና ካዛኮች በወተትና በጨው ይጠጡታል። የሐረርጌን ቁጢ በወተት የቀመሰ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም።

ሻይ እንዴት ያረጃል?

ፑኧር ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ሳይለዩ መግዛት ለኪሳራ ይዳርጋል። አንደኛው ጥሬው ነው። ቅጠሉ ደርቆ እንደተጠፈጠፈ ይቀመጣል፤ አዲስ ሲሆን ውኃው ቢጫ፣ ጣዕሙ መራራና አፍ የሚያስር ነው። ዓመታት ሲያልፉ አየርና እርጥበት፣ ከእነሱም ጋር በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ቀስ እያሉ ይለውጡታል። ምሬቱ ይለዝባል፤ ውኃው ወደ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎም ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል።

ሁለተኛው የበሰለው ነው። ሰዎች አሥር ሃያ ዓመት መጠበቅ ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1973 በዩናን ዋና ከተማ በኩንሚንግ የሻይ ፋብሪካ አንድ ዘዴ ተሠራ። የደረቀው ቅጠል ተከምሮ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ይሸፈናል፤ ክምሩ ከውስጥ ሲግል እየተገላበጠ ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲወጣ ጥቁር፣ ለስላሳና አፈር አፈር የሚሸት ሻይ ይሆናል። ይህ ዓይነት ከመጀመሪያው ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ የዓመት ዕድሜ ያለውን «የሃያ ዓመት ነው» ብሎ ለማያውቅ ሰው መሸጥ ቀላል ነው።

የማርጀቱ ነገር በቦታው ይወሰናል። ሞቃትና እርጥብ በሆነችው በሆንግ ኮንግ የተቀመጠ ሻይ ቶሎ ያረጃል፤ እርጥበቱ ካለፈ ግን ይሻግታል። ከፍ ብላ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነችው በኩንሚንግ የተቀመጠው ዝግ ብሎ ያረጃል፤ ጠረኑ ግን ንጹሕ ይሆናል። በእርጥበት መለኪያ ከ60 እስከ 75 በመቶ፣ በሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ መካከል ቢሆን ይመረጣል። ብርሃን አያስፈልገውም፤ አየር ግን ይፈልጋልና በላስቲክ ታሽጎ አይታፈንም።

እኛ ሀገር ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ደጋ ናትና ሻዩ ከኩንሚንግም ባልፈጠነ አካሄድ ያረጃል ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሻይ ጠረን ይስባል። ዕጣን በሚጨስበት፣ ቡና በሚቆላበት፣ በርበሬና ኮረሪማ በተቀመጠበት ጓዳ የሰነበተ ፑኧር ከዓመት በኋላ ሲፈላ የሚወጣው የጓዳው ጠረን ነው። በሸክላ ማሰሮ ወይም በካርቶን አድርጎ ለብቻው በተለየ ክፍል፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል።

የተብላላ ከሆነ ሐላል ነው ወይ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መብላላት የሚለውን ቃል ሰምቶ መጠራጠር የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ሸሪዓ የከለከለው መብላላትን ሳይሆን ማስከርን ነው። ዘወትር የምንበላው እንጀራ እርሾ ገብቶበት፣ ቡኮው ኩፍ ብሎ የሚጋገር ነው፤ እርጎም እንዲሁ ረግቶ ይመጣል። ማንም ዓሊም እነዚህን ሐራም አላለም። ፑኧርን የሚያስረጁት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያሰክር መጠጥ አያደርጉትም፤ በዝቶ ቢጠጣም አያሰክርም። ስለዚህ በመሠረቱ ሐላል ነው።

የሚቀረው የጉዳት ነገር ነው። ራስን መጉዳት በእስልምና አይፈቀድም። ሰብሮ ሲያዩት አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ጠጉር መሰል ሻጋታ የታየበት፣ የረጠበ ምድር ቤት የሚሸት ሻይ ዕድሜው ቢነገርለትም ተበላሽቷልና ይጣላል። ከፉ ጡብ ቢጫ ነጠብጣብ ጋር አታምታቱት፤ ያ ደረቅና ብትን ያለ፣ ጠረኑም ጥሩ ነው። ሲፈላ ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት ግራም የሚሆነው ከቂጣው ጠርዝ በቀጭን ብረት ተፈልፍሎ ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው የፈላ ውኃ ቅጠሉን አጥቦ ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ቅጠል ብዙ ጊዜ ይቀዳል። ካፌይን አለውና ከተራዊሕ በኋላ አብዝቶ የጠጣ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሱሑር እንዳያመልጠው ይጠንቀቅ።

ዓይን የማያየው ዕቃ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። የፑኧር ዋጋ በሦስት ነገር ይቆማል፦ በየትኛው ተራራ እንደተለቀመ፣ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ፣ የት እንደተቀመጠ። ሦስቱንም ገዢው በዓይኑ አያይም። የተጠፈጠፈ ቅጠል ትውልዱን አይናገርም። ወረቀቱ ይናገራል፤ ወረቀት ግን ማንም ያትማል።

ላኦ ባንጃንግ የምትባል በቡላንግ ተራራ የምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር ምሳሌ ትሁነን። የሻይዋ ዝና ከፍ ስላለ ዋጋው ሰማይ ነካ። በስሟ ታትሞ የሚሸጠው ሻይ መንደሯ ልታመርት ከምትችለው እጅግ እንደሚበልጥ ግን በንግዱ ያሉ ሁሉ የሚያውቁት ነው። የይዉ ተራራ ሻይም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ነጋዴዎቻችን ሸቀጥ የሚገዙባትን የጀጂያንጓን ይዉ ከተማ ከሻይዋ ይዉ ጋር አያምታቱ፤ ሁለቱ በሺህ ኪሎ ሜትር የተራራቁ ናቸው።

የዓመቱም ነገር ወጥመድ አለበት። በብዙ ቂጣዎች ላይ እንደ 7542 ያለ አራት አኃዝ ይታተማል። ያላወቀ ሰው በ1975 የተሠራ ሻይ ያገኘ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የቅመራው ስም ነው። 75 ቅመራው የተወጠነበት ዓመት፣ 4 የቅጠሉ ደረጃ፣ 2 ደግሞ የመንግሃይ ፋብሪካ መለያ ነው። ትናንት የተሠራ ሻይም 7542 ሊባል ይችላል። ይህን እያወቀ ገዢው ሲሳሳት ዝም ብሎ ገንዘቡን የሚቀበል ሻጭ በአፉ ባይዋሽም በዝምታው አታሏል።

አንዳንዱ ደግሞ አዲሱን ሻይ በረጠበ መጋዘን ከትቶ በጥቂት ወር ያጠቁረውና አሮጌ ነው ይላል። ሲፈላ ግን ይታወቃል። በእውነት ያረጀ ጥሬ ሻይ ቅጠሉ ከፈላ በኋላ ይለሰልሳል፤ ሲዘረጋም ይዘረጋል። በግዳጅ የጠቆረው ይከስላል፤ ሲነካም ይፈረካከሳል ወይም ይላሽቃል። ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ከዚያው ከሚገዛው ቂጣ ተፈልፍሎ እንዲፈላለት ይጠይቅ። በቻይና የሻይ ገበያ ይህ ነውር አይደለም፤ ሻጩ ራሱ ውኃ አፍልቶ ይቀመጣል። ቂጣው ሲጠፈጠፍ አብሮ የሚጣበቅ የፋብሪካው ትንሽ ወረቀት መኖሩንም ይመልከት፤ ከውጪው መጠቅለያ ይልቅ ይህኛውን መለወጥ ይከብዳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት እንዳገኙ፣ ባለቤቱም ዝናብ ነክቶት ነው ሲላቸው ሰው እንዲያየው ከላይ አለማድረጉን እንደገሠጹት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት የታወቀ ሐዲስ አለ። የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው መንገድ ውጪ መሆኑንም በዚያው ተናግረዋል። ያ ሰው እህሉን ያረጠበው ራሱ አልነበረም፤ ዝናብ ነው። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር ደርቁን ከላይ ማድረጉ ነው። የተጠፈጠፈ ሻይ ደግሞ ከላይ የሚታየው ጥቂት፣ ከሥር የተደበቀው ብዙ የሆነ ክምር ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ እንዲናገር ግዴታ አለበት ይላሉ። የተደበቀ ጉድለት የተገኘበት ገዢም ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። በዚህ ሻይ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። ዓመቱን በእርግጥ የሚያውቅ ሻጭ ይናገር። የማያውቅ «ይህን ያህል ነው ብለው ሸጡልኝ፤ እኔ አላየሁም» ይበል። እርጥብ ቦታ ከርሞ ከሆነ ይህንንም ይጨምር። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋው ዝቅ ሊልበት ይችላል፤ በረካው ግን አይነሣበትም።

ማቆየትና መደበቅ

ሁለተኛው ጥያቄ የኢሕቲካር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምርት ደብቆ የሚያስወድድን ሰው ኃጢአተኛ ብለውታል። የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ይህን ሰው በሚኖርበት ዋና ምግብ ላይ ይወስኑታል። የኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር ኢማም አቡ ዩሱፍ ግን መደበቁ ሕዝብን የሚጎዳ ከሆነ በማንኛውም ዕቃ ላይ ይሠራል ይላሉ። ከታቢዒዮች ታላቅ የሆኑት ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ይህን ሐዲስ ሲያስተላልፉ እርሳቸውም ዕቃ እንደሚያቆዩ ተነግሯቸው ነበር። ሊቃውንቱ ሲያብራሩት ያቆዩት የነበረው ዘይት ነው፤ ሕዝቡ የሚራብበት እህል አይደለም ይላሉ።

በዚህ ሚዛን ፑኧርን ማቆየት ኢሕቲካር አይደለም። በሀገራችን ማንም በእርሱ አይኖርም፤ ሻዩም በጊዜው ውስጥ በእውነት የሚለወጥና የሚሻሻል ነው። ሻጩ የሚጨምረው ዋጋ ለጠባቂነቱ፣ ለቦታውና ለተሸከመው ስጋት ነው።

ግን እዚህም ወሰን አለ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቻይና ሀብታሞች ፑኧርን እንደ ወርቅ እየገዙ ማከማቸት ጀመሩ። ሳይጠጣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ዋጋው በየሳምንቱ የሚጨምር ሆነ። ሲማኦ ትባል የነበረችው ከተማም በ2007 ስሟን ወደ ፑኧር ለወጠች። በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ካለፉ በኋላ ዋጋው ተንኮታኮተ። ብዙ ነጋዴና ገበሬ ከሰረ፤ ብድር ገብተው የገዙ ሻዩን ታቅፈው ቀሩ። መንግሥት በ2008 ፑኧር ማለት በዩናን ከሚበቅል፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ቅጠለ ሰፊ ሻይ የሚሠራው ብቻ መሆኑን በደረጃ መስፈርት ደነገገ። መስፈርት የማጭበርበርን በር ያጠባል፤ ስግብግብነትን ግን አያክምም። ሻይ የሚያስረጅ ሰው ጊዜን ይጠብቃል። በወሬ የሚገዛው ግን የሚጠብቀው ከእርሱ ይበልጥ የሚታለል ሌላ ገዢ ነው።

እዚህ ሀገር ቤት የሚሠራበት ሰሊጥ፣ ማር፣ ቡና ወይም ጤፍ የሚያቆይ ነጋዴም ጉዳዩ ይመለከተዋል። ማር ቢቆይ ማንም አይራብም። በክረምት ጤፍ ጎተራ ዘግቶ ጎረቤቱ እንጀራ ሲያጣ የሚያይ ሰው ግን «እኔም ሰብር ማድረጌ ነው» ማለት አይችልም።

ዘካው መቼ ይወጣል?

ሦስተኛው ጥያቄ በዚህ ወር ብዙዎች ሒሳባቸውን ስለሚያስቡ ይበልጥ ያስፈልጋል። ለራሱ ወይም ለእንግዳ ሊጠጣው ያስቀመጠ ሰው ምንም ያህል ቢበዛ በዚያ ሻይ ላይ ዘካ የለበትም። ለመሸጥ ብሎ የገዛው ግን የንግድ ዕቃ ነው። ከሌላው የንግድ ገንዘቡ ጋር ተደምሮ ኒሳብ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ ይወጣበታል።

ሒሳቡ በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ዓመቱ በሞላበት ቀን ገበያ በሚያወጣው ነው። አንድ ነጋዴ በ3 ሚሊዮን ብር የገዛው ሻይ ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ከሆነ ዘካው 100 ሺህ ብር ነው። በሐነፊ፣ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች ይህ ሻዩ ባይሸጥም በየዓመቱ ይወጣል። በማሊኪ መዝሀብ ዋጋ ጠብቆ ዕቃ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሲሸጥ የአንድ ዓመት ዘካ ብቻ ያወጣል የሚል አቋም አለ። በሀገራችን አብዛኛው ሕዝብ የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀብ ተከታይ ስለሆነ በየዓመቱ ማውጣቱ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ የተቸገረ ሰው ከሚያምነው ዓሊም ጋር ተቀምጦ ይመካከር።

እዚህ ላይ አማናው ተመልሶ ይመጣል። ለገዢ ሲሸጥ «የሃያ ዓመት ሻይ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ዘካ ሲያሰላ «ገና አዲስ ነው፣ ብዙ አያወጣም» ሊል አይገባም። ለገዢው የጠራው ዋጋና ለድኻው ያሰበው ዋጋ አንድ ይሁን። ሁለት ዋጋ ያለው ሰው ከሁለቱ በአንዱ ዋሽቷል።

ለሚገዙና ለሚያቆዩ ወገኖቼ የምመክረው አጭር ነው። በመጀመሪያ ለመጠጥ የሚሆናችሁን ጥቂት ግዙ፤ ቀምሳችሁ እወቁ። ለንግድ ከሆነ ከማን፣ መቼና በስንት እንደገዛችሁ በቂጣው መጠቅለያ ላይ በራሳችሁ እጅ ጻፉበት፤ የት እንደተቀመጠም ጨምሩ። ተበድራችሁ አትግዙ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሻዩን የሚሸጡት ልጆቻችሁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ለገዢው እውነቱን የሚነግርላቸው የእናንተ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

አላህ ጾማችንንና ሰላታችንን ይቀበለን፤ በንግዳችንም በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።